የማይዋኙትም የሚሄዱበት ባሕር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚኖሩ ብዙ የሐበሻ ቤቶች ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይታያል፤ አንዱ የትምህርት ቤት፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን። ልጆቹን ባሕር ሊያሳይ ያሰበ ወላጅ ቀን የሚቆርጠው ሁለቱን አመሳክሮ ነው። ትምህርት ጁን አጋማሽ ላይ ይዘጋል። የጁላይን የመጀመሪያ ሳምንት በ1984 የተመሠረተው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ይወስደዋል። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ይገባል። በመካከሉ የሚተርፈው 26 ቀን ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ጥቂት ቀን ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ በሐምሌ አጋማሽ በሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ አሸዋ ላይ ቆሞ ጆሮውን የጣለ ሰው ከየጃንጥላው ሥር አማርኛ ቢሰማ አይገርምም።

ይህንን ባሕር ዳርቻ በየዓመቱ ከቤተሰቤ ጋር ስመላለስበት ቆይቻለሁ፤ ቦታዎቹን የምመዝንበትም ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃ ውስጥ የማይገባው ሰው ምን ያደርጋል? አብዛኞቻችን ከደጋ የመጣን ነን። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣች አያት፣ ዋና ያልተማረ አባት፣ ማዕበል የምትፈራ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ስልኩን የማይለቅ ጎረምሳ በአንድ መኪና ይሄዳሉ። እናቴ መጀመሪያ የመጣች ዓመት ጣቷን ነክራ ውሃውን ቀመሰችና ጨው መሆኑን አረጋገጠች፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት አየችው። ሁለተኛውን ሰዓት ግን ምን እንደምናሳያት አላሰብንበትም ነበር።

ጉዞው ራሱ ብዙ ይሰጣል። በዋሽንግተን ውስጥ ኒው ዮርክ አቬኑ ተብሎ የምናውቀው መንገድ ሩት 50 ነው፤ ሳይለቁት ከነዱ ውቅያኖሱ ላይ ያደርሳል። ርቀቱ 150 ማይል አካባቢ ነው፤ መንገዱ ከተለቀቀ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ዓርብ ማታ ከወጡ ግን በጣም ይረዝማል። ከአናፖሊስ አለፍ ሲሉ ከ4 ማይል በላይ የሚረዝመው የቼሳፒክ ድልድይ ይመጣል። የመጀመሪያው በ1952፣ ተጓዳኙ በ1973 ተከፈቱ። ከፍታው የሚያስፈራቸው ሰዎች ስላሉ በክፍያ የሰውን መኪና እየነዱ የሚያሻግሩ ድርጅቶች እስከ መኖር ደርሰዋል። ድልድዩ ሥር ያለው ሳንዲ ፖይንት ፓርክ ትንንሽ ልጆች ላሉትና ሩቅ መንዳት ለማይፈልግ ይበቃል፤ ውሃው የባሕረ ሰላጤ በመሆኑ የዋህ ነው፣ ሥጋ መጥበሻም አለው። ቅዳሜና እሑድ ግን በጠዋት ካልደረሱ ሞልቶ በሩ ይዘጋል።

እዚህ አካባቢ ልጆቼን አቁሜ የምነግራቸው ታሪክ አለ። ዛሬ እኛ ጃንጥላ የምንዘረጋበት አሸዋ ለጥቁር ሰው የተከለከለ ነበር። የፀረ ባርነት ታጋዩ የፍሬድሪክ ዳግላስ ልጅ ቻርለስ በባሕረ ሰላጤው ዳር ከነበረ መዝናኛ ተከልክሎ ከተመለሰ በኋላ በ1893 ከአናፖሊስ ደቡብ መሬት ገዝቶ ሃይላንድ ቢች የተባለችውን መንደር ቆረቆረ። አባቱ በባርነት የተወለደበትን ማዶ እያየ እርጅናውን ሊያሳልፍባት ቤት ተጀመረለት፤ ሳያልቅ በ1895 ሞተ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ለመጎብኘት ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። በአቅራቢያው የነበሩት የካርና የስፓሮው ባሕር ዳርቻዎች የሁለት ጥቁር እኅትማማቾች ንብረት ነበሩ፤ ጄምስ ብራውንንና ኤላ ፊትዝጄራልድን የመሰሉ ዘፋኞች ተጫውተውባቸዋል። ኦሽን ሲቲ በበኩሏ ጥቁሮችን በሆቴሎቿ እያሠራች በባሕሯ አታዝናናም ነበር፤ የሽርሽር ቀን የምትፈቅድላቸው የነጮቹ ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር።

ድልድዩን ተሻግረው ካምብሪጅ ሲደርሱ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ በ2017 የተከፈተው፣ ሰዎችን ከባርነት ያስመለጠችው የሃሪየት ተብማን ማዕከል አለ። ልጆች በቁማቸው እየተዘዋወሩ የሚያዩት፣ አያቶችም ቋንቋውን ባያውቁ በምስሉ የሚከተሉት ነው። ጎኑ ያለው ብላክዋተር የአእዋፍ መጠበቂያ በመኪና ውስጥ ሆኖ የሚዞሩበት መንገድ አለው፤ ንስሮቹን ለማየት መውረድ እንኳ አያስፈልግም። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ከዚህ የተሻለ ማረፊያ በዚህ መንገድ ላይ አላገኘሁም።

ኦሽን ሲቲ ሆቴል፣ ሱቅና ጨዋታ የተደረደሩባት ረጅምና ቀጭን ደሴት ናት። የባሕሩ ዳርቻ 10 ማይል ያህል ይሄዳል፤ ለመግባት ክፍያ የለም። በኒው ጀርሲ ብዙ ከተሞች አሸዋው ላይ ለመቀመጥ ባጅ እንደሚገዛ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእንጨት ሳንቃ የተሠራው የባሕር ዳር መንገድ፣ ቦርድዎኩ፣ 3 ማይል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ የእኛ ሰው ምሽቱን የሚያሳልፈውም እዚያ ነው። በደቡብ ጫፉ ትሪምፐር በተባለው የጨዋታ ቦታ ከ1912 ጀምሮ የሚሽከረከሩ በእጅ የተቀረጹ የእንጨት ፈረሶች አሉ። አያት ከልጅ ልጇ ጋር አብራ የምትቀመጥበት ጨዋታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከ1929 ጀምሮ የሚሸጠው የትራሸርስ የድንች ጥብስ በኦቾሎኒ ዘይት ተጠብሶ አቼቶ ይፈስበታል፤ ዓርብና ረቡዕ ለጾመኛ ይሆናል። ከዚያው ጫፍ አጠገብ በ1891 በተሠራው የነፍስ አድን ጣቢያ ውስጥ ያለው ትንሽ ሙዚየም ዝናብ ለመታበት ከሰዓት ጥሩ መጠጊያ ነው።

ልጆች ግን ከሁሉ በላይ የሚደነቁት በ1933ቱ ማዕበል ነው። ያን ጊዜ ኦሽን ሲቲና በስተደቡብ ያለው አሳቲግ አንድ መሬት ነበሩ። በኦገስት የመጣው ማዕበል ደሴቲቱን ሰንጥቆ የባቡር ድልድዩን ወሰደ፤ ለከተማዋ ግን ዓሣ አጥማጆች ወደ ውቅያኖስ የሚወጡበትን በር ከፈተላት። ዛሬ ጀልባዎች የሚገቡበትና የሚወጡበት ያ መተላለፊያ አንድ ማዕበል በአንድ ጊዜ የቀደደው ነው። ዳሩ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጦ ጀልባ መቁጠር ገንዘብ አያስከፍልም፤ እናቴም አልሰለቻትም። ከከተማዋ ሲወጡ ደግሞ ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ 3,073 ማይል እንደሚቀር የሚናገር ምልክት ቆሟል፤ መንገዱ ያው ሩት 50 ነውና።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ቤተሰብ ቢጠይቀኝ ግን ወደ አሳቲግ እልከዋለሁ። 37 ማይል የሚረዝም ደሴት ነው፤ ሆቴል የለበትም፣ ሱቅ የለበትም። ሊኖረው ግን ነበር፤ መሬቱ ተሸንሽኖ መሸጥ ጀምሮ ሳለ የ1962ቱ ማዕበል መንገዱን ጠራርጎ ወሰደው፤ በ1965 መንግሥት ብሔራዊ ባሕር ዳርቻ አደረገው። ፈረሶች በነጻነት ይኖሩበታል። ከተሰበረ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ የበለጠ የሚያሳምነው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬዎች ከግብርና ከአጥር ሕግ ለመሸሽ ከብቶቻቸውን ወደ ደሴቱ ያሻግሩ ነበር የሚለው ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ሆዳቸው የተነፋ ነው፤ ጨው የበዛበት ሣር ስለሚበሉ ውሃ አብዝተው ይጠጣሉ። ደሴቱን ለሁለት በሚከፍለው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወሰን ላይ አጥር አለ፤ የሜሪላንዶቹን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይጠብቃቸዋል፣ የቨርጂኒያዎቹ የቺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ንብረት ናቸው። በጁላይ የመጨረሻ ረቡዕ እነዚህን ፈረሶች ወደ ቺንኮቲግ ያዋኟቸዋል፤ በማግስቱ ውርንጭሎቹ ለጨረታ ይቀርባሉ፣ ገንዘቡም ለእሳት አደጋው ቡድን ይውላል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር ነው። እኔ ሕፃን ይዤ አልሄድበትም፤ ፈረሶቹን በሌላ ቀን በጸጥታ ማየት ይሻላል።

አሳቲግ ላይ ቤተሰብን የሚያሳዝኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ምግብ ነው። ፈረሶቹ የሰው ምግብ ለምደዋል፣ ድንኳን ይገባሉ፣ የበረዶ ሣጥን ይከፍታሉ፤ ስለዚህ ዳቦውም ፍርፍሩም መኪና ውስጥ ይቆለፍበት። ይነክሳሉም ይራገጣሉም፤ 12 ሜትር መራቅ ደንብ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ፈረስ አውቃለሁ ብሎ ሊቀርባቸው ይዳዳዋል፤ እነዚህ ግን ለልጓም ያልተገሩ ናቸው። ሁለተኛው ትንኝ ነው፤ በተለይ ነፋስ በሌለበት ቀን ይበዛል። በባሕረ ሰላጤው በኩል ያለው ውሃ ግን ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍበት ሰፊ ቦታ አለው፤ ዋና የማያውቅ አባት ልጁን እጁን ይዞ የሚሄድበት ነው። ልጆች ክር ላይ የዶሮ አንገት አስረው ሸርጣን ይስባሉ። እኛ ቤት አይበላም፤ ቆጥረው ይመልሱታል። የመኪና መግቢያው ለሰባት ቀን ያገለግላል፤ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ደግሞ ቤተሰቡን በነጻ የሚያስገባ የዓመት ፈቃድ ከመንግሥት ያገኛል። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅምና የአራተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ዘንድሮ ተጠቀሙበት።

ደላዌር ላይ ያለችው ሪሆቦት ስሟ ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ ይስሐቅ ያልተጣሉበትን ጉድጓድ ርኆቦት፣ ሰፊ ስፍራ፣ ብሎ የሰየመው። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት የእስራኤሏ ረሆቦትም ስሟን ከዚያው ወስዳለች። አሜሪካዊቷን በ1873 የቆረቆሯት ለጸሎት ጉባኤ የተሰበሰቡ ሜቶዲስቶች ናቸው፤ ዛሬም ከኦሽን ሲቲ ጸጥ ትላለች። ከ1962 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ፈንላንድ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ነው። ድንኳን ተክሎ መዋል የለመደ ማኅበርተኛ ግን ይወቅ፤ ሪሆቦት አሸዋው ላይ ከጃንጥላ በቀር አትፈቅድም። ደላዌር የሽያጭ ግብር ስለሌላት እናቶች የትምህርት ቤት ልብስና ጫማ የሚገዙትም በዚሁ ጉዞ ነው።

ከሪሆቦት ጥቂት ማይል ወጣ ብሎ ከሉዊስ ከተማ በኒው ጀርሲ ወዳለችው ኬፕ ሜይ የሚሄድ ትልቅ ጀልባ አለ። 17 ማይሉን በ85 ደቂቃ ያቋርጣል፤ መኪና ሳይጭኑ በእግር ገብቶ መመለስ ይቻላል። ውሃ ውስጥ የማይገባው ሰው ባሕር ላይ የሚሆንበት ይህ ነው። ዶልፊኖች ጎን ለጎን ሲዘሉ ያየንበት ቀን ነበር፤ ያላየንበትም ቀን ነበር። በሜይና በጁን ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ በሆነችበት ሰሞን የመጣ ደግሞ ሆርስሹ ክራብ የሚባሉት ፍጡሮች ዕንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው ሲወጡ ያያል። ከዳይኖሰር የሚቀድሙ፣ ደማቸው ሰማያዊ የሆነ ፍጡሮች ናቸው። በጀርባው የተገለበጠ ካገኙ ልጆች በቅርፊቱ ጠርዝ ይዘው ያቃኑት፤ ጅራቱን ግን አይጎትቱ።

ስለ ቨርጂኒያ ቢች ብዙ አልልም። ትልቅ ከተማ ናት፣ ትልቅ የባሕር እንስሳት ማሳያ አላት፣ የኬፕ ሄንሪ የመርከብ መብራት ማማ ከ1792 ጀምሮ ቆሟል። የሃምፕተን ሮድስ ዋሻ መጨናነቅ ግን ልጅ ለያዘ ሰው ፈተና ነው፤ ከሁለት ሌሊት በታች ለሚያድር አልመክርም።

ባሕር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በተለይ ለኛ ሪፕ ከረንት የሚባለው ነው። ማዕበሉ ያመጣው ውሃ በጠባብ ቦታ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ሲመለስ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ክፍተት ሆኖ ስለሚታይ ባሕር የማያውቅ ሰው ደኅናው ቦታ ይመስለዋል። የያዘው ሰው ወደ ዳር ቀጥ ብሎ መታገል የለበትም፤ ይደክማል። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከወራጁ መውጣት፣ ካልቻለም ተንሳፍፎ እጅ ማውለብለብ ነው። ኦሽን ሲቲ ላይፍጋርዶቿን በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት 5፡30 ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ውጭ ጉልበት ድረስም ቢሆን ልጅ አይግባ። አሸዋ ሲቆፈርም ጉድጓዱ ከታናሽየው ልጅ ጉልበት አይለፍ፤ ሲደረመስ ይቀብራል።

ዋና ለመማር የሚመዘገቡት ግን ባሕሩ ሲቃረብ አይደለም። የሞንትጎመሪና የፌርፋክስ ካውንቲ ገንዳዎች በብርዱ ወራትም ያስተምራሉ፤ የዋሽንግተን ገንዳዎች ለከተማዋ ነዋሪ መግቢያቸው ነጻ ነው። የአዋቂዎች ክፍልም አለ። እኅቴ ከአርባ ዓመቷ በኋላ ተመዝግባ የብርዱን ወራት በሙሉ ተማረች፤ ባለፈው ሐምሌ አሳቲግ ላይ ልጇን እየተከተለች እስከ ወገቧ ገባች።

ያ ሁሉ መንገድ ለበዛበት ቤተሰብ አንድ ቦታ ልጨምር። ካልቨርት ክሊፍስ ከዋሽንግተን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። 3 ኪሎ ሜትር ያህል በጫካ ይኬዳል፤ መጨረሻው ላይ ጠባብ አሸዋና ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ገደል አለ። ገደሉ ስለሚናድ ሥሩ መሄድ ክልክል ነው፤ ከእርሱ የወደቀውን ግን ውሃው ያጥበዋል፣ ውስጡም የጥንት ሻርክ ጥርስ አለ። ወንፊት ይዛችሁ ሂዱ። እናቴ ገብስ እንደምታበጥር ሰው ተቀምጣ አሸዋውን እየነፋች ከልጆቹ ሁሉ በላይ ለቀመች፤ ሰባት ጥርስ፣ አንዱ የአውራ ጣቷን ጥፍር ያህል፣ በመሀረብ ቋጥራ አገር ቤት ይዛው ሄደች።