የስፖርት ቴምብር ከነገሌ ማኅተም ጋር፦ በትንሽ ገንዘብ ታሪክ መሰብሰብ

የአሜሪካዊው ቤዝቦል ተጫዋች የሚኪ ማንትል ምስል ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ አንድ ካርድ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እንዲህ ያለው ዜና አሮጌ የስፖርት ካርድ መሰብሰብ የባለፀጎች ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ግምት ያሳድራል። በዚያው በአሜሪካ ግን አብዛኛው ሰብሳቢ ጠርዛቸው የተበላ ወይም ዝናቸው አነስተኛ የሆኑ ተጫዋቾችን ካርዶች በጥቂት ዶላር እየገዛ ነው ስብስቡን የሚያሳድገው።

በእኛ አገር የስፖርት ካርድ ልማድ ሥር አልሰደደም። የስፖርት ታሪካችንን በትንሽ ባለሥዕል ወረቀት ላይ ያኖረልን ፖስታ ቤት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶን ካሸነፈ፣ ብሔራዊ ቡድናችንም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳበት ጊዜ አንስቶ ስፖርት በቴምብሮቻችን ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ለቶኪዮ፣ ለሜክሲኮና ለሙኒክ ኦሊምፒኮች፣ እንዲሁም አገራችን በ1968 ዓ.ም. ላዘጋጀችው 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ቴምብሮች ወጥተዋል።

ርካሹና ብርቁ

እነዚህ ቴምብሮች በአብዛኛው ውድ አይደሉም። ምክንያቱም ብዙዎቹን ሰብሳቢዎች ገና ከመስኮት ገዝተው ሳይለጥፉ አስቀምጠዋቸዋል። በመሆኑም ጥቅም ላይ ያልዋለ ቴምብር «አሮጌ ነውና ብርቅ ነው» ተብሎ በውድ ሲቀርብ መጠራጠር ይገባል።

ብርቅ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ቴምብሩ ተለጥፎበት፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በእርግጥ መንገድ የተጓዘ ፖስታ። የአዲስ አበባ ማኅተም ያለበት ፖስታ በብዛት ይገኛል። ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋ ወይም ከሞያሌ የተላከው ግን ከመነሻው ጥቂት ነበር፤ ከዚያም ላይ አብዛኛው ተቀዷል ወይም ተቃጥሏል። ስለዚህ የደቡብ ቆላ ከተሞችን ማኅተም የሚፈልግ ሰው፣ ርካሽ ቴምብር ይዞ ውድ ታሪክ ሊያገኝ ይችላል።

ነገሌን እንውሰድ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ሠራዊት በምግብና በውኃ ችግር ተነሳስቶ ያካሄደው አመፅ የየካቲቱ አብዮት የመጀመሪያ ፍንጣሪ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1965 ዓ.ም. አንድ ወታደር ከነገሌ ለእናቱ የላከው፣ የሙኒክ ኦሊምፒክ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ቢገኝ፣ ስፖርቱንም፣ ከተማውንም፣ ዋዜማውንም በአንድ ወረቀት ይዟል ማለት ነው። ያንኑ ቴምብር በውኃ ዘፍዝፎ ያላቀቀ ሰው ግን በእጁ የሚቀረው የትም የሚገኝ ርካሽ ቴምብር ብቻ ነው። የጀማሪ ሰብሳቢ የመጀመሪያ ሕግ እንግዲህ «አታላቅ» የሚል መሆን አለበት።

ስም እንዳያሳስት

የደቡብ ከተሞች ስም ሰብሳቢን ሊያሳስት ይችላል። ነገሌ ሁለት ነው፤ ነገሌ ቦረናና ነገሌ አርሲ። ሞያሌ በኢትዮጵያም በኬንያም በኩል ያለ ከተማ ነው፤ ዶሎም እንዲሁ ድንበሩን ተሻግሮ በሶማሊያ ስመ ሞክሼ አለው። ማኅተሙ ላይ ያለውን ስም ብቻ ሳይሆን ቴምብሩ የየትኛው አገር እንደሆነ፣ የላኪው አድራሻ ምን እንደሚል ማየት ያስፈልጋል። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም ሳያረጋግጡ ዋጋ መነጋገር አይገባም።

የት ይገኛል?

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ቤት ለቤት አልነበረም። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በትምህርት ቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ በኩል ይጻፍለት ነበር። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ቆላው ተዛውረው ከሠሩ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና ወታደሮች ቤተሰቦች ቢጀምር ይመረጣል። ደብዳቤው ግን የሰው ገመና ነው። ቤተሰቡ አንብቦ ውስጡን እንዲያስቀር፣ ፖስታውን ብቻ እንዲሰጥ መስማማት ጨዋነት ነው። ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ደግሞ ያለ ፈቃድ አንዲት ወረቀት ማንሳት አይቻልም።

በኢንተርኔት ለሚገዙም አንድ ምክር አለ። ሻጭ የጠየቀው ዋጋና ዕቃው የተሸጠበት ዋጋ የተለያዩ ናቸው፤ መመዘኛው ሁለተኛው ነው። ሁሉንም ከማሳደድ አንድ ከተማ ወይም አንድ ውድድር መምረጥ ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባል። ከሁለት ፖስታዎች ደግሞ የከተማው ስምና ቀኑ የሚነበበውን መምረጥ ይሻላል።

አያያዝ

በቆላው የወረቀት ቀንደኛ ጠላት ምስጥ ነው። የተሰበሰበውን በብረት ሣጥን ውስጥ፣ ከወለልና ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ይበጃል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ቀለም ያደበዝዛሉ፤ እርጥበት ደግሞ ያልተለጠፈውን ቴምብር ከአልበሙ ጋር ያጣብቀዋል። ቴምብርን በጣት ሳይሆን በጫፈ ለስላሳ ወረንጦ መያዝ፣ ፕላስተርም ሆነ ላሚኔት ጨርሶ አለመጠቀም ይገባል። ፖስታው ከማን፣ ከየት፣ መቼ እንደተገኘ በሌላ ወረቀት በእርሳስ መጻፍም እንዳይረሳ፤ ታሪኩ የጠፋበት ፖስታ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል።

ሞባይል የግል ደብዳቤን ከተካ ቆይቷል። ከነገሌም ሆነ ከያቤሎ እናት ለልጇ፣ ልጅ ለእናቱ በቴምብር የሚጽፍበት ዘመን አልፏል። የቀሩት ፖስታዎች ቁጥር ከእንግዲህ ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። የድሮ ወረቀት ለማቃጠል የተዘጋጀ ቤተሰብ ካለ፣ ከክብሪቱ በፊት ፖስታዎቹን አንድ ጊዜ አገላብጦ ማየት ምንም አያስከፍልም።