ተጣጣፊ የመካከለኛ ፎርማት ካሜራ

ተጣጣፊ የመካከለኛ ፎርማት ካሜራ ሌንሱ በወናፍ አማካይነት ወደ ፊት የሚዘረጋ፣ ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ተጣጥፎ እንደ ወፍራም መጽሐፍ የሚዘጋ የፊልም ካሜራ ነው። «መካከለኛ ፎርማት» የተባለው የሚያነሳው ምስል ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ምስል የሚበልጥ፣ ከትልቁ ሉህ ፊልም ምስል ደግሞ የሚያንስ በመሆኑ ነው። ይህ ዓይነት ካሜራ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብዛት ይመረት ነበር።

አብዛኞቹ ባትሪም ሆነ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌላቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ካሜራ ዛሬም ሊሠራ ይችላል። በልብስ ሳጥን ወይም በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ካሜራ ሲገኝ ግን ጀርባውን ወዲያው መክፈት አይገባም። ውስጡ የተነሳበትና ገና ያልታጠበ ፊልም ሊኖር ይችላል፤ ለብርሃን የተጋለጠ ፊልም ደግሞ አይመለስም።

ክፍሎቹና አሠራሩ

ካሜራው ተዘግቶ ሳለ ሌንሱ ከብረት መክደኛ ኋላ ተደብቆ ይቀመጣል። ቁልፉ ሲጫን መክደኛው ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ ያሉ የብረት ክንዶችም ሌንሱን ወደ ፊት ገፍተው በቦታው ይቆልፉታል። በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው ወናፍ ነው። እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ቆዳ ወይም ጨርቅ ነው፤ ልዩነቱ የአንጥረኛው ወናፍ አየር ይነፋል፣ የካሜራው ወናፍ ብርሃን ይከለክላል።

ፎቶ አንሺው ሦስት ነገሮችን በእጁ ያስተካክላል።

የብርሃን ቀዳዳ፦ በሌንሱ ውስጥ የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል (ለምሳሌ 16) ቀዳዳው ይጠባል፤ ዝቅ ሲል (ለምሳሌ 4.5) ይሰፋል።

መዝጊያ፦ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚገባበትን ጊዜ ይወስናል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች መዝጊያው መጀመሪያ በትንሽ ዘንግ ይወጠራል፣ ከዚያ በመጫኛው ይለቀቃል።

ርቀት፦ ቀላል በሆኑት ካሜራዎች ፎቶ አንሺው ርቀቱን ገምቶ ወይም ለክቶ የሌንሱን ቀለበት በቁጥሩ ላይ ያዞራል። ውድ የሆኑት ግን ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ አላቸው። ቁጥሮቹ በሜትር ወይም በጫማ ሊጻፉ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ 10 ጫማ 3 ሜትር ገደማ ነው።

ፊልሙ

በብዛት የሚጠቀሙት ፊልም 120 የሚባለው ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣው ሲሆን ዛሬም ይመረታል። ስፋቱ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከጀርባው ቁጥር የታተመበት ወረቀት አብሮት ይጠቀለላል። ካሜራው ከኋላው ባለችው ትንሽ ቀይ መስኮት በኩል ቁጥሩ ስለሚታይ ፎቶ አንሺው ቀጣዩ ቁጥር መስኮቱ ላይ እስኪመጣ ድረስ ፊልሙን ያዞራል።

ከአንድ ጥቅል የሚገኘው የፎቶ ብዛት እንደ ካሜራው ይለያያል። 6 በ9 ሴንቲሜትር የሚያነሳው 8፣ 6 በ6 የሚያነሳው 12፣ 6 በ4.5 የሚያነሳው ደግሞ 16 ፎቶ ያወጣል። ኮዳክ ለራሱ ካሜራዎች ያወጣው 620 የተባለው ፊልም ከ120 ጋር በስፋት አንድ ነው፤ የተጠቀለለበት እንዝርት ግን ይቀጥናል። ስለዚህ 120 ፊልም 620 በሚጠይቅ ካሜራ ውስጥ በደንብ አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1995 የ620 ምርት ስለቆመ ተጠቃሚዎች በጨለማ ውስጥ 120 ፊልምን ወደ አሮጌ የ620 እንዝርት መልሰው ይጠቀልላሉ።

የፊልሙ ጥቅም በስፋቱ ላይ ነው። የ35 ሚሊሜትር ፊልም ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የ6 በ9 ምስል በተግባር 56 በ84 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 4,704 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ከ5 እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ኢንች 2,400 ነጥብ በሚያነብ ስካነር ሲነበብ 42 ሚሊዮን ገደማ ፒክሰል ይሰጣል። በቡድን ፎቶ የኋላ ረድፍ የቆመ ሰው ፊት በትንሿ ሕትመት ላይ ባይለይ እንኳ በኔጋቲቩ ላይ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተጣጣፊው ካሜራ በፊት፦ መቅደላ

ተጣጣፊው ካሜራ ምን እንደለወጠ ለመረዳት ከእርሱ በፊት ፎቶ ማንሳት ምን ይጠይቅ እንደነበር ማየት ይጠቅማል። ለዚህም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የታወቀ ምሳሌ አለ። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው የመቅደላ አምባ በ1860 ዓ.ም. የዘመተው የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር በመሐንዲሶች ክፍሉ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። በዘመኑ የነበረው ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባላል። ፎቶ አንሺው መስታወት በኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ከትቶ አንስቶ፣ እዚያው ወዲያው ማጠብ ነበረበት። ስለዚህ ጨለማ ድንኳን፣ የኬሚካል ጠርሙሶች፣ መስታወትና ውሃ ከካሜራው ጋር መጓዝ ነበረባቸው።

ከዚያ ዘመቻ የአምባው፣ የበሩና የሠፈሩ ፎቶግራፎች ቀርተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው አልፏል፤ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ እ.ኤ.አ. በዚያው 1868 በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለችው ታዋቂ ፎቶ አንሺ ተነስቷል። አባትየው በሥዕል፣ ልጅየው በፎቶግራፍ የሚታወቁት በዚህ የተነሳ ነው። ፎቶ ያለውና የሌለው ሰው የሚለየው በክብሩ ሳይሆን ካሜራው ሊደርስበት በመቻሉ ነበር።

ከድንኳን ወደ ኪስ

የጥቅል ፊልም መምጣት ማንሳትንና ማጠብን ለያያቸው። የጀርባ ወረቀት ያለው ፊልም በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲስፋፋ ፊልሙን በጥላ ሥር ማስገባትና ማውጣት ተቻለ፤ ማጠቡ ከሳምንታት በኋላ በሌላ ከተማ ሊሆን ቻለ። ኮዳክ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ በኪስ የሚያዝ ተጣጣፊ ካሜራ ለገበያ አቀረበ።

በኢትዮጵያ በዚህ ጊዜ የፎቶ ሙያ በዋናነት ከቤተ መንግሥትና ከከተማ ጋር የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ወደ ሀይጋዝና ቶርኮም ተሻግሯል። ፎቶ ቤት መሄድ ለብዙ ሰው የተለመደ የሆነው ቆይቶ ነው።

በአውሮፓ የተጣጣፊ ካሜራ ወርቃማ ዘመን ከ1920ዎቹ ማብቂያ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይዘልቃል። ከታወቁት መካከል የጀርመኖቹ ዛይስ ኢኮን ኢኮንታ፣ ፎይክትሌንደር ቤሳና አግፋ ኢዞሌት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ሱፐር ኢኮንታ ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየት ኅብረት የእርሱን ንድፍ ተከትላ ሞስክቫ የተባሉትን ካሜራዎች ሠርታለች፤ የመጨረሻው ሞስክቫ 5 በ6 በ9 እና በ6 በ6 ያነሳል።

አሮጌ ካሜራ ሲገኝ የሚደረግ ፍተሻ

1. ፊልም መኖሩን ማየት። የቀይ መስኮቱን ክዳን በጥላ ውስጥ ለአፍታ ገልጦ ቁጥር ወይም ወረቀት መኖሩን ማየት ይበቃል። ፊልም ካለ ጀርባው ሳይከፈት ማዞሪያው መጨረሻ ድረስ፣ ማለትም ወረቀቱ ከመስኮቱ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከዚያ በጨለማ ክፍል ተከፍቶ ፊልሙ ሳይላላ ይታሰራል፤ ብርሃን በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎም ጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠብ ለሚችል ባለሙያ ይሰጣል። ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ምስል የወጣባቸው ፊልሞች አሉ።

2. ወናፉ። ባዶው ካሜራ በጨለማ ክፍል ተዘርግቶ ባትሪ ከውስጥ ይበራል። በወናፉ ማዕዘኖች ላይ እንደ ኮከብ የሚታይ ነጥብ ካለ ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በፎቶው ላይ ነጭ ጭጋግ ይተዋል። ጥቂት ቀዳዳዎች በሚለጠጥ ጥቁር ቀለም ወይም በቀጭን ጥቁር ጨርቅና ማጣበቂያ ይደፈናሉ፤ ብዙ ከሆኑ ወናፉ መለወጥ አለበት። ጥገናው ሳይደርቅ ካሜራውን ማጠፍ ወናፉን ያጣብቀዋል።

3. መዝጊያው። በሁሉም ፍጥነቶች እየወጠሩ ደጋግሞ መልቀቅ ያስፈልጋል። የአንድ ሰከንዱ ከተጓተተ ወይም ካልተዘጋ ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው። ዘይት መጨመር ቀጫጭኖቹን የመዝጊያ ቅጠሎች ስለሚያጣብቅ ጉዳቱን ያብሳል፤ የሚያስፈልገው ማጽዳት ነው። በራሱ ጊዜ ቆጥሮ የሚያነሳው ዘንግ በአሮጌ ካሜራ ላይ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ስለሚቀር አለመንካት ይመረጣል።

4. የርቀት ቀለበቱ። በአግፋ ካሜራዎች ላይ ግራሶው ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚሆን የፊቱና የመካከለኛው ሌንስ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። ቀለበቱ የዞረ ይመስላል፤ ምስሉ ግን ጥርት አይልም። ለማረጋገጥ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ደብዛዛ ስኮች ይለጠፋል፣ መዝጊያው ክፍት ይደረጋል፣ ቀለበቱም መጨረሻ የሌለው ርቀት ላይ ሆኖ ሩቅ ተራራ ይታያል። በስኮቹ ላይ የተገለበጠው ተራራ ጥርት ካላለ ሌንሱ ማስተካከያ ይፈልጋል።

5. ሌንሱና ክንዶቹ። በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚታይ ነገር ሻጋታ ነው። ክንዶቹ ሲቆለፉ ሌንሱ መወዛወዝ የለበትም፤ ከተወዛወዘ የፎቶው አንድ ጎን ይደበዝዛል።

በአጠቃቀም ጊዜም አንድ ልማድ መያዝ ይገባል። መክደኛው ሲከፈት በእጅ ተይዞ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ወናፉ በድንገት ሲዘረጋ አየር ስቦ ፊልሙን ከቦታው ያጎብጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን ከፍቶ ከዚያ ፊልሙን ማዞር ይሻላል። አንድ ፎቶ በሌላው ላይ እንዳይደረብ ደግሞ እንደተነሳ ወዲያው ማዞር ወይም ቁጥሩን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ይህን የሚከላከል መሣሪያ የላቸውም።

በደጋ ማንሳት

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስለሳሳ ጨረሩ ይበረታል፣ ጥላውም ይጠቁራል።

የብርሃን መለኪያ ለሌለው ሰው የሚጠቅም አንድ ደንብ አለ፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀዳዳው 16 ሲሆን የመዝጊያው ፍጥነት ከፊልሙ የፍጥነት ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ፊልሙ 100 ከሆነ አንድ መቶኛ ሰከንድ ይሆናል። ባርኔጣ ወይም ነጠላ ፊቱን የጋረደበት ሰው ግን በዚህ ልክ ከተነሳ ነጭ ልብሱ ይታያል፣ ፊቱ ይጨልማል። ቀዳዳውን ወደ 11 ወይም ወደ 8 ማስፋት ወይም ሰውየውን በቤት ጥላ ማቆም ይሻላል። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ከሚያንሰው ትንሽ ቢበዛለት ይችላል።

ወደ ዓባይ ወይም ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲነሳ ሩቁ በጭጋግ የተሸፈነ ይመስላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሰማያዊና ለዓይን ለማይታየው ጨረር ስለሚነቃ ነው። ሌንሱ ፊት የሚገጠም ቢጫ መስታወት ይህን ይቀንሳል፣ ደመናውንም ከሰማዩ ይለያል።

ርቀትን በሚመለከት 75 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ቀዳዳው 11፣ ርቀቱ 10 ሜትር ላይ ቢደረግ ከ5 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ጥርት ያደርጋል። በ2 ሜትር ላይ የቆመን ሰው በ4.5 ለማንሳት ግን ጥርት የሚለው ከፊትና ከኋላ 15 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ርቀቱን በገመድ መለካት ያስፈልጋል።

አቀማመጥ

በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት ዋና ጠላቶቹ ናቸው። ካሜራውን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ መተው ሻጋታ ያመጣል፤ ደረቅና አየር በሚያገኝበት ቦታ ተጣጥፎ መቀመጥ አለበት።

ኔጋቲቮች ከካሜራው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ሕትመቱ ቢደበዝዝ ከኔጋቲቩ ሌላ ማተም ይቻላል፣ ኔጋቲቩ ከጠፋ ግን መነሻው ጠፋ። እስከ 1950 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ከተሠሩት ፊልሞች አንዳንዶቹ በቀላሉ ከሚቀጣጠል ናይትሬት የተሠሩ ናቸው። ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ከዚህ ዓይነት አይደለም። ምልክት የሌለውን ከምድጃና ከሻማ ማራቅ ይገባል።

ስካነር በሌለበት ኔጋቲቩን በጠርዙ ይዞ፣ ከበራ ነጭ ስክሪን ጥቂት ከፍ አድርጎ በስልክ ማንሳት ይቻላል። ከዚያ ምስሉ በፕሮግራም ይገለበጣል፤ ፕሮግራሙ የሚያደርገው የእያንዳንዱን ፒክሰል ዋጋ ከ255 መቀነስ ነው፣ ስለዚህ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። በፋይሉ ስም ላይ የሰዎቹ ስም፣ ቦታውና ዓመቱ ይጻፋል። ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተገለጸ ፎቶው የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ይዞ ይቀራል። በፎቶው ላይ ያሉትን የሚያውቁ አረጋውያን ሳሉ ስማቸውን ጠይቆ መመዝገብ ከማናቸውም ጥገና ይቀድማል።