ጀምሮ ያቆመ ዕጢ

ሕፃኑ ይዟት የተወለደ ጥቁር ነጥብ ስትሆን «ማርያም ስማው ነው» ይባልላታል። በኋላ የወጣችውን ግን ብዙም ልብ የሚላት የለም። ተመራማሪዎች ጉድ ያገኙት በዚችኛዋ ነው። በልጅነትና በጉርምስና ከሚወጡት ነጥቦች አብዛኞቹ ወደ ካንሰር የሚወስደውን የመጀመሪያ እርምጃ ተራምደው፣ ሁለተኛውን ሳያነሡ የቀሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው።

ነጥቧን የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ግርጌ ተበታትነው ተቀምጠው ሜላኒን የተባለውን ቀለም ያመርታሉ፤ ለጎረቤት ሕዋሳትም ያድላሉ። ቀለሙ ዲኤንኤን ከፀሐይ ጨረር ይከልላል። ሰው ጥቁርም ይሁን ነጭ የሜላኖሳይቶቹ ቁጥር እምብዛም አይለያይም፤ የሚለያየው የሚያመርቱት ቀለም መጠንና ዓይነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ አገር በሚገኘው የሳንገር ተቋም የተመራ ጥናት፣ ከተመረመሩት የሜላኖማ ናሙናዎች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ቢራፍ የተባለው ጂን ተለውጦ አገኘ። ሜላኖማ እጅግ ገዳይ ከሆኑት የቆዳ ካንሰሮች አንዱ ነው። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በዚያ ሰበብ በፕሮቲኑ 600ኛ ቦታ ላይ የነበረው ቫሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በግሉታሚክ አሲድ ይተካል። ጤናማው ቢራፍ «ተከፋፈል» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ከውጭ መልእክት ሲደርሰው ነው። የተለወጠው ግን ማንንም ሳይጠብቅ ሌት ተቀን ያዛል።

እዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ጉዳት የሌላቸው ተራ ነጥቦች ተመረመሩ፤ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ያንኑ ለውጥ ተሸክመው ተገኙ። ያው ጥፋት አንዱ ጋ ሰው ይገድላል፣ ሌላው ጋ ለዐሥርተ ዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ታዲያ ምን ያዘው?

ፍንጩ ቀደም ብሎ ተገኝቷል። በ1997 ማኑኤል ሴራኖ፣ ስኮት ሎውና ባልደረቦቻቸው ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ ራስ የተባለውን የካንሰር ጂን ጤናማ ሕዋሳት ውስጥ አስገቡ። ሕዋሳቱ እንደ እብድ ይባዛሉ ሲባል ጭራሽ መከፋፈል አቆሙ፤ መልካቸውም ያረጁ ሕዋሳት መልክ ሆነ። ፒ53 እና ፒ16 የተባሉት ፕሮቲኖች በውስጣቸው ተከማችተው ነበር። የሚጠራጠሩ አልጠፉም፤ ይህ የመስታወት ሳህን ትርኢት ነው፣ ሕያው አካል ውስጥ አይሆንም አሉ።

መልሱ በ2005 ከአምስተርዳም መጣ። በኔዘርላንድስ ካንሰር ተቋም የዳንኤል ፔፐር ቡድን የተለወጠውን ቢራፍ የሰው ሜላኖሳይቶች ውስጥ ከተተ፤ ሕዋሳቱም መከፋፈላቸውን ተዉ። ከዚያ ከሰው ቆዳ የተነሡ ነጥቦችን በስሱ ቆራርጠው፣ ያረጀ ሕዋስን ሰማያዊ የሚያደርግ ኬሚካል ውስጥ ዘፈዘፏቸው። ነጥቦቹ ሰማያዊ ሆኑ። ቀጥሎ በክሮሞሶሞች ጫፍ ያለውን ቴሎሜር ለኩ። ቴሎሜር ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር እያጠረ የሚሄድ፣ ዕድሜን የሚቆጥር ጫፍ ነው። እዚህ ግን ይህ ነው የሚባል ማጠር አልታየበትም። ስለዚህ ሕዋሱን ያስቆመው የዕድሜ ብዛት ሳይሆን ቢራፍ ያለ ልክ ሲያዝ የተነሣው ማንቂያ ነው።

የቆመ ሕዋስ ግን የሞተ ሕዋስ አይደለም። ጡረታ እንደወጣ የመሥሪያ ቤት ሹም ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እየለቀቀ በጎረቤት ጉዳይ ጣልቃ ይገባል፤ መከፋፈል ብቻ አይችልም። ዋነኛው ልጓም ፒ16 ነው። የፒ16 ጂን በዘር ተበላሽቶ የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ሜላኖማ ይደጋገማል። ልጓሙ ፒ16 ብቻ እንዳልሆነ የጠቆመውም ያው የአምስተርዳም ጥናት ነው፤ በነጥቦቹ ውስጥ ፒ16 አንዱ ሕዋስ ጋ ታይቶ ሌላው ጋ ታጥቷል።

«ለዘላለም ቆሟል» የሚለው አባባል ግን እኔን አላሳመነኝም፤ ብዙ ተመራማሪዎችንም እንዲሁ። የቆዳ ሐኪሞች ከጥንት የሚያውቁት ነገር አለ፤ በከፊል ተቆርጣ የተነሣች ነጥብ ተመልሳ ልታድግ ትችላለች። በእርግጥ ያረጀ ሕዋስ ይህን ባላደረገ ነበር። በ2020 በኧርቫይን ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የአይጥ ጥናት የነጥብ ሕዋሳትን አንድ በአንድ መርምሮ ከሌሎች ሜላኖሳይቶች የተለየ የእርጅና ምልክት አጣባቸው። እድገታቸውን የሚገታው እርስ በርስ መደማመጣቸው ሳይሆን አይቀርም ሲልም ደመደመ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ያም ሆኖ አንዲት ነጥብ ወደ ሜላኖማ የመለወጥ ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው። ሜላኖማ በአብዛኛው የሚነሣው ነጥብ ካልነበረበት ቆዳ ነው። በጥቁር ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ሲሆን፣ እዚያ የቢራፍ ለውጥ ያን ያህል አይዘወተርም። ሙዚቀኛው ቦብ ማርሊ በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ዓይነት ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሕይወቱን ቀጥፎታል።

በ2011 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቬሙራፌኒብ የተለወጠውን ቢራፍ ዝም የሚያሰኝ ክኒን ነው፤ ቢራፋቸው ጤናማ በሆነ ሕዋሳት ላይ ግን በተቃራኒው የእድገቱን ትእዛዝ ሊያጎላ ይችላል። መድኃኒቱን በሚወስዱ አንዳንድ ሕሙማን ቆዳ ላይ የቆዩ ነጥቦች ሲከስሙ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የቢራፍ ለውጥ የሌለባቸው አዳዲስ ነጥቦች ሲወጡ ታይቷል። የሚከስሙት የቆዩት ነጥቦች፣ ከቆሙ ከብዙ ዓመት በኋላም የዚያ ጂን ትእዛዝ እየደረሳቸው እንደኖሩ ይጠቁማሉ።