ከጀበና የሚወርድ ፏፏቴ

ሰሞኑን የለጠፍኩትን ምስል አይታችሁ «የኤአይ ሥራ ነው ወይ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም። ጀበናዋ የእናቴ ናት፣ ፏፏቴው ጢስ ዓባይ ነው፣ ሁለቱንም ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። እንዴት እንደተገናኙ ልንገራችሁ።

ሐሳቡን ያመጣው የውሃው ቀለም ነው። ዓባይ በክረምት አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ቡና ይመስላል። ከጀበና አፍ ቢፈስስም ዓይን አይከራከረውም። ለእኔ ጥሩ ሱሪያል ምስል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጨርሶ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች አንድ እውነተኛ ዝምድና ሲገኝላቸው። ዝሆን ሰማይ ላይ ማንሳፈፍ ማንም ይችላል፤ ምክንያት ከሌለው ግን ተመልካቹ አንዴ ገርሞት ያልፈዋል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው። ፏፏቴውን ያነሳሁት ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ቀን ስለነበር ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ጎልቶ የሚታይ ጥላ የለውም። ስለዚህ ጀበናዋን በፍላሽ አላነሳኋትም። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኳት። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ጥላው አጭርና ጥቁር ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ጥላው ይረዝማል፣ ብርሃኑም ቢጫ ይሆናል። የእነዚህን ሁለት ሰዓቶች ፎቶ ብታጋጥሙ፣ የቱንም ያህል ተጠንቅቃችሁ ብትቆርጡ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። የራሳችሁን ፎቶ ተጠቀሙ የምለው ለዚህ ነው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ምስል ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አታውቁም፤ የባለቤቱ ፈቃድ ጉዳይም አለ።

የካሜራው ከፍታም እንዲሁ ነው። ጀበና ከላይ ወደ ታች ከተነሳች ምንጊዜም ትንሽ ዕቃ ናት። ካሜራውን ከወገቧ ትይዩ ዝቅ ስታደርጉት ግን ተራራ መሆን ትችላለች።

ኤዲቱን የሠራሁት በፎቶሾፕ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ በየራሱ ሌየር ይቀመጣል። የማትፈልጉትን በማጥፊያ አትሰርዙ፤ ማስክ ተጠቀሙ። ማስክ ላይ ጥቁር ብሩሽ ይደብቃል፣ ነጭ ይመልሳል፣ ከፎቶው ምንም አይጠፋም። የውሃውን እንፋሎት በስክሪን ሞድ አዋሃድኩት፤ ጨለማው ክፍል ይጠፋና ነጩ ብቻ ይቀራል። ጥላውን በመልቲፕላይ ሞድ ሳልኩት፤ ቀለሙን የወሰድኩት ከመሬቱ ነው፤ ድፍን ጥቁር ጥላ ውሸቱ ወዲያው ይታወቃል። በመጨረሻ በሁሉም ላይ አንድ የቀለም ማስተካከያ አለበስኩ። ኮምፒውተር ላይ በነፃ መሞከር ለምትፈልጉ ፎቶፒ በብራውዘር ይሠራል፤ ስልክ ላይ ስናፕሲድ ሁለት ፎቶ የሚያደራርብ መሣሪያ አለው።

ፎቶሾፕ ሌየር የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጄሪ ዩልስማን ግን ከዚያ አሥርተ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብዙ ማጉያ ማሽኖች ደርድሮ፣ አንዱን የፎቶ ወረቀት ከማሽን ማሽን እያዛወረ ተመሳሳይ ነገር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራዎቹ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለብቻቸው ለዕይታ ቀርበዋል። የእኛዋ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። ቀለሙ የሚቀባው በሰው ገላ ላይ ነው፤ አልባሳቱና ቦታው ከመነሳታቸው በፊት ይታሰብባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 አፋር፣ ዳሎል ላይ ስለ ውሃ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ኤዲት ከመማራችሁ በፊት እነሱን ማየት ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ፤ ህልሙ ካሜራው ከመነካቱ በፊት እንደተጀመረ በግልጽ ይታያል።

አንድ ነገር አደራ። ብርሃንና ጥላው በደንብ የገጠመ ምስል ሰው ያምነዋል፤ ከቻናል ቻናል ሲዘዋወርም ዜና ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ስትለጥፉ «ከራሴ ፎቶዎች የተቀናበረ» ብላችሁ እዚያው ምስሉ ላይ ጻፉበት።