አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፦ ትንሽ ቻናል በአጭር ቪዲዮ የሚያድግበት መንገድ

ምሽት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት ከምጣዷ ፊት ቆማለች እንበል። ሊጡን ካቦካች ሦስት ቀን ሆኗታል። የመጀመሪያውን እንጀራ ስታወጣ ግን ዓይን የሚባል የለውም፤ እንደ ቂጣ ልሙጥ ሆኖ ቀርቷል። እናቷ ጋ እንዳትደውል አዲስ አበባ ገና አልነጋም። ስለዚህ ስልኳን አንስታ «እንጀራዬ ለምን ዓይን አያወጣም» ብላ ትጽፋለች። ከሚመጡላት ቪዲዮዎች አንዱ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰላምታው፣ ምስጋናውና «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው ማሳሰቢያ ብቻ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ሌላው 40 ሰከንድ ነው። ገና ሲከፈት የእሷኑ የመሰለ ዓይን ያጣ እንጀራ ያሳያል፤ ከዚያ ያው ሊጥ በደንብ ባልጋለ ምጣድና በጋለ ምጣድ ላይ ሲጋገር ያለውን ልዩነት ያሳያታል። ወጣቷ ሁለተኛውን አይታ ወደ ምጣዷ ትመለሳለች። በማግስቱ ሊጡ ለምን እንደጎመዘዘ ለማወቅ ስትፈልግ የምትሄደውም ወደዚያው ቻናል ነው።

ትንሽ ቻናል የሚያድገው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው እድገትን የሚጠብቀው በአንድ ጀምበር ሚሊዮን ሰው ካየው ቪዲዮ ነው። ጸንቶ የሚቆየው እድገት ግን የሚመጣው «ይህ ነገር ካልገባኝ እዚያ አገኘዋለሁ» ከሚል ተመልካች ነው። አጭርና ቀላል ቪዲዮ ይህን አመኔታ ለመገንባት ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው፤ አሠራሩን ለተረዳ ሰው።

አጭርነት ለዩቲዩብ አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. በዩቲዩብ ላይ የተጫነው የመጀመሪያው ቪዲዮ 19 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም በሳንዲያጎ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው የሚናገርበት ነው። በ2013 ቫይን የተባለው መተግበሪያ ሰዎችን በ6 ሰከንድ ውስጥ ታሪክ እንዲናገሩ አስለመዳቸው፤ ራሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ቲክቶክ በ2018 ሚዩዚካሊ ከተባለው መተግበሪያ ጋር ከተዋሐደ በኋላ አጭር ቪዲዮ የዓለም ሁሉ ልማድ ሆነ። ዩቲዩብም ሾርትስ የተባለውን የአጭር ቪዲዮ ክፍሉን በ2020 በህንድ ሞክሮ በ2021 ለዓለም አዳረሰው። ቀድሞ እስከ 60 ሰከንድ የነበረው የሾርትስ ርዝመት ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እስከ 3 ደቂቃ ደርሷል።

ለትንሽ ቻናል ዋናው ለውጥ ግን ርዝመቱ ሳይሆን ቪዲዮው ከተመልካች ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። በቀድሞው ልማድ ተመልካቹ ርዕስና ምስል አይቶ ይመርጣል፤ ስለዚህ ስም ያለው ቻናል ይቀድማል። በአጭር ቪዲዮ መስኮት ግን ምርጫው የሚደረገው ቪዲዮው መታየት ከጀመረ በኋላ ነው። የመድረኩ ሥርዓት ቪዲዮውን ለተወሰኑ ሰዎች ያቀርባል። ሰዎቹ ቆመው ካዩት፣ እስከ መጨረሻው ከቆዩ፣ ደግመው ከተመለከቱት ለሌሎችም ያቀርበዋል። በጣታቸው አንሸራተው ካለፉት በዚያው ይቀዘቅዛል። ሃምሳ ተከታይ ያለው ሰው አንድ ቀን ሃምሳ ሺህ ሰው ዘንድ ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የዚያኑ ያህል፣ ትናንት ሃምሳ ሺህ ሰው ያየለት ሰው ዛሬ መቶ ሰው ላያገኝ ይችላል። እያንዳንዱ ቪዲዮ የራሱን ፈተና ይፈተናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በስንት ሰከንድ ልሥራ?» የሚል ሊሆን አይገባም። መጠየቅ ያለበት «ይህ ቪዲዮ የማንን፣ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?» ተብሎ ነው። «የእንጀራ አሠራር» አንድ ቪዲዮ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ማንንም አያስተምርም። በውስጡ ያሉት ጥያቄዎች ግን እያንዳንዳቸው ለአንድ አጭር ቪዲዮ ልክ ናቸው። ሊጡ ላይ የሚያቀረው ውኃ መቼ ይደፋል? አብሲት ስንት ይጣላል? ምጣዱ እንጀራ ከያዘ በጎመንዘር እንዴት ይታሻል? አክንባሎው መቼ ይከደናል? በብርድ አገር ሊጥ ለምን አልነሳ ይላል? ያደረ እንጀራ ለምን ይሰነጣጠቃል? ከአንድ ምጣድ ዙሪያ ብቻ የአንድ ወር ቪዲዮ ይወጣል። ጥያቄዎቹን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘመድ በስልክ ከሚጠይቀውና ተመልካች ቪዲዮው ሥር ከሚጽፈው ይገኛሉ። አንድ ሰው የጠየቀውን ብዙዎች ለመጠየቅ ያፍራሉ።

ቀላልነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ካቢ ላሜ አሳይቷል። በሴኔጋል ተወልዶ በጣሊያን ያደገው ይህ ወጣት በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ከፋብሪካ ሥራው ተሰናበተና ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መሥራት ጀመረ። ሌሎች አንድን ቀላል ነገር አወሳስበው ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ያስቀድማል፤ ከዚያ ያንኑ ነገር ቃል ሳይተነፍስ በቀላሉ ሠርቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳያል። ሰኔ 2022 ላይ በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ሆነ። ከእሱ የሚወሰደው ትምህርት የተከታዩ ብዛት አይደለም፤ ያን ማግኘት ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነው። የሚወሰደው ትምህርት አንድ ሐሳብ መርጦ በእሱ መጽናቱና በቃል የሚነገረውን በእጅ ማሳየቱ ነው። ይህ ለእኛም ይሠራል። በውጭ አገር ተወልደው አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ልጆች የአያታቸውን እጅ አይተው ብቻ ሊጥ ማቅጠንን ሊማሩ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚከብደን አጀማመሩ ይመስለኛል። እኛ ሰላምታ የምናከብር ሰዎች ነን፤ የአገር ደኅንነት፣ የቤተሰብ ጤና ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ይመስለናል። ስለዚህ ብዙ ቻናል «ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ይጀምርና በዚያው ተመልካቹን ያጣል። ነገር ግን በራሳችን ባህል ሌላም ሥርዓት አለ፦ ደክሞት ለመጣ እንግዳ መጀመሪያ ውኃ ይሰጠዋል፣ ወሬው ኋላ ይደርሳል። አጭር ቪዲዮ የሚያይ ሰው ያ የደከመው እንግዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰከንዶች የመጣበትን ነገር ያሳዩት፤ የተጣበቀውን እንጀራ፣ የጎመዘዘውን ሊጥ። ሰላምታው በመጨረሻ በአንድ ቃል ይበቃል። የሰው ጊዜ መቆጠብም አክብሮት ነው።

ለዝግጅቱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ስልኩን አቁሞ ማስደገፍ፣ በመስኮት ብርሃን መቅረጽ፣ ድምፅ ማጥራት ይበቃል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። በተለይ ማእድ ቤት ውስጥ የማራገቢያና የዕቃ ጩኸት ንግግሩን ስለሚውጠው ምስሉን አስቀድሞ ቀርጾ ድምፁን በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል መጨመር ይሻላል። የምጣዱ እንፋሎት የስልኩን ካሜራ ያደበዝዘዋል፤ በየመሃሉ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። ብዙ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያይ ዋናውን ቃል በትልቁ በአማርኛ ስክሪኑ ላይ መጻፍ ይጠቅማል። የሰው ዘፈን ያለፈቃድ ከኋላ ማስገባት ግን ቆይቶ የባለመብት ጥያቄ ያስነሳልና ባይለመድ ጥሩ ነው።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሥራ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ብዙዎች የሚያዩት አንዱን ቁጥር፣ ስንት ሰው አየው የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ሊያታልል ይችላል። ዩቲዩብ ከመጋቢት 31 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሾርትስ መጫወት እንደጀመረ ወይም እንደተደገመ እንደ አንድ እይታ ይቆጥረዋል፤ ሰውየው ወዲያው ቢያልፈውም ያው ነው። ክፍያን የሚመለከተው ስሌት ግን አሁንም ቆይተው ያዩትን በሚለየው ቁጥር ነው የሚሠራው። ስለዚህ መታየት ያለባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከቀረበላቸው ሰዎች ስንቱ ቆመው አዩ፣ ስንቱ አንሸራተው አለፉ የሚለው ነው፤ ይህ ስለ አጀማመሩ ይናገራል። ሁለተኛው ተመልካች በየሰከንዱ እየቀነሰ የሚሄድበትን መጠን የሚያሳየው መስመር ነው። መስመሩ 12ኛው ሰከንድ ላይ ቁልቁል ከወረደ ቪዲዮውን ከፍቶ እዚያ ቦታ ምን እንዳለ ማየት ነው። ምናልባት የተደገመ ንግግር አለ፤ ምናልባት እጅ ሊጡን ጋርዶታል። በሚቀጥለው ቪዲዮ ያችን አንዷን ነገር ማስተካከል ይበቃል። ሁሉን በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ተስፋም ተስፋ መቁረጥም የሚበዛው እዚህ ነው። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበር ይጠይቃል። ከዚያ በተጨማሪ ከሁለት አንዱን ማሟላት ያስፈልጋል፦ በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ፣ ወይም በ12 ወር ውስጥ በረጃጅም ቪዲዮዎች 4,000 የእይታ ሰዓት። ሁለቱን በሒሳብ እናስተያያቸው። 10 ሚሊዮን በ90 ቀን ማለት በቀን 111,000 ገደማ እይታ ነው። 4,000 ሰዓት ደግሞ 240,000 ደቂቃ ነው፤ አንድ ተመልካች በአማካይ 5 ደቂቃ ቢቆይ 48,000 እይታ፣ በቀን ሲካፈል 130 ገደማ ይሆናል። በሾርትስ መስኮት የታየ ሰዓት ከ4,000ው ውስጥ አይቆጠርም። ክፍያውም ይለያያል፤ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ የሠሪው ድርሻ 55 በመቶ ሲሆን ከሾርትስ ለሠሪዎች ከሚመደበው ላይ 45 በመቶ ነው።

ሒሳቡ የሚነግረን ግልጽ ነው። ለትንሽ ቻናል አጭር ቪዲዮን የገቢ ምንጭ አድርጎ ማሰብ ያደክማል፤ እንግዳ ማስገቢያ በር አድርጎ ማሰብ ግን ያዋጣል። አምስትና ስድስት አጫጭር ቪዲዮዎች ስለ እርሾ ከተሠሩ በኋላ ሰዎቹ አብልጠው የጠየቁትን ይዞ የስምንት ወይም የአሥር ደቂቃ አንድ ሙሉ ቪዲዮ መሥራትና ከአጭሮቹ ጋር ማያያዝ ነው። አጭሩን አይቶ የረካ ሰው ረጅሙን ለማየት ይታገሣል። ዩቲዩብ ገቢ የሚያካፍልበት ፕሮግራም የሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ስላለ የሚኖሩበት አገር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥም ከኋላ ቁጭት ያድናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር። ሥራቸው ሁሉ በአንድ መድረክ ላይ የነበረ ሰዎች ያን ጊዜ ከተመልካቻቸው ተቆራረጡ። የቪዲዮውን ዋና ቅጂ በራስ እጅ ማስቀመጥ፣ ከአንድ በላይ ቦታ መጫን፣ የመድረክ ባለቤት ደንቡን ነገ ሊቀይር እንደሚችል ማወቅ ግድ ነው።

በሳምንት ሰባት ቪዲዮ ጀምሮ በወሩ ከሚያቋርጥ ሰው ይልቅ በሳምንት ሁለት አውጥቶ ዓመቱን የሚዘልቅ ሰው ይሻላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ አራት ቪዲዮ መቅረጽ፣ ከዚያ በተወሰነ ቀን እያወጡ መሄድ ሸክሙን ያቀላል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ቪዲዮዎች የልምምድ ናቸው፤ ጥቂት ሰው ቢያያቸው ሊያሳፍር አይገባም። እንጀራስ ቢሆን የመጀመሪያው ለምጣዱ ማሟሻ አይደል?

እጃችሁ ላይ ሙያ ላላችሁ ሁሉ፣ ለጋጋሪዎች፣ ለልብስ ሰፊዎች፣ ለጥገና ባለሙያዎች፣ ለአናጢዎች አንድ ቃል አለኝ። የምታውቁት ነገር ብዙው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የኖረው። የሚቀጥለው ትውልድ ከእናቱ ማእድ ቤት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይኖራል፣ ጥያቄውንም ስልኩን ነው የሚጠይቀው። በዚህ ሳምንት ከሰዎች በተደጋጋሚ የተጠየቃችሁትን አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ መልሱን በ40 ሰከንድ አሳዩ።