«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

«ሲስተም የለም» ተብሎ ከመስኮት ያልተመለሰ ሰው አይገኝም። ምን እንደተበላሸና መቼ እንደሚመለስ ግን የሚነግረን የለም። እኔ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮች ኃላፊ ነኝ፤ ሲስተሙ በቆመ ቁጥር ስልኬ ፋታ አያገኝም። የሚያሳርፈኝ «ስቴተስ ፔጅ» ነው፦ የትኛው አገልግሎት እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደቆመ፣ ጥገናው የት እንደደረሰ ለደንበኛው የሚያሳይ ገጽ። በነፃ ወስደን በራሳችን ሰርቨር የምንጭናቸው ኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ጭንቁ ምርጫው ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው አፕታይም ኩማ ለጀማሪ ይቀላል። ሁሉም ነገር በብራውዘር ይስተካከላል፤ ዌብሳይቱን በየደቂቃው እየፈተሸ መልስ ሲያጣ በቴሌግራም ይነግራችኋል። ጋተስ ትእዛዙን የሚቀበለው ከጽሑፍ ፋይል ነው፤ «መልሱ ከ300 ሚሊሰከንድ ከዘገየ አሳውቀኝ» ለሚል ባለሙያ ይመቻል። ሲስቴት ግን ምንም አይፈትሽም፤ ብልሽቱን የምትጽፉት እናንተው ናችሁ። ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። ማሽን አገልግሎቱ መቆሙን እንጂ ለምን እንደቆመ ለደንበኛ አያስረዳም።

ፕሮግራሙ በሕይወት መኖሩንም እዩ። ስታትፒንግ ባለቤቱ ሲተወው ሌሎች ስታትፒንግ ኤንጂ ብለው ቀጠሉት፤ የድሮውን የጫነ ሰው እድሳት አያገኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ገጹ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የካቲት 2017 እ.ኤ.አ. በአማዞን አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ ሲጽፍ በመሳሳቱ ኤስ3 የተባለው የፋይል ማከማቻ ቆመ። የአገልግሎቶቹን ሁኔታ የሚያሳየው ገጽ የሚታደሰውም በዚያው በኤስ3 ተደግፎ ነበርና ለሁለት ሰዓት ያህል እውነቱን መናገር አልቻለም። ድርጅቱ ወሬውን በትዊተር አሰራጨ። አማዞንን ያገኘው እኛን አይምርም፤ ዘበኛ ከሚጠብቀው ቤት ጋር አብሮ ከተቃጠለ ማን ይጮኻል?

ስለዚህ የእኔ ምርጫ አፕታይም ኩማ ነው፤ ግን ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ከሌላ ድርጅት በተከራየሁት ትንሽ ሰርቨር ላይ። ለኪራይ በጀት የሌለው አፕታይምን፣ ያለ ኩማ የሚጠራውን ሌላውን ፕሮግራም፣ ይሞክር። እሱ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ስለሚሠራ የራስ ሰርቨር አይጠይቅም፤ ፍተሻውም በየአምስት ደቂቃው ነው።

የመረጣችሁት የትኛውም ይሁን፣ ቢሮ መብራት በሚጠፋበት ቀን ገጹን በስልካችሁ ዳታ ክፈቱት። ካልተከፈተ ፕሮግራሙን ሳይሆን ቦታውን ቀይሩ።