ከእንጦጦ ማርያም ወደ ከተማ ስንወርድ

አዲስ አበባን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሐል ከተማ ነው። ፒያሳን ያያል፤ መርካቶን ያያል፤ ፎቆቹን አንጋጦ ያያል። ጊዜ ከተረፈው ደግሞ በመጨረሻ ወደ እንጦጦ ይወጣል። እኔ ግን ከላይ መጀመር ይሻላል እላለሁ። ለምን ቢባል፣ ከተማዋ ራሷ የጀመረችው ከላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከገጠር ሊጠይቁን የመጡ አጎቴን ይዤ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። በሽሮ ሜዳና በኪዳነ ምሕረት በኩል አድርገን ዳገቱን በታክሲ ጨረስነው። ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። አጎቴ ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናነቡና፣ «ምነው ልጄ፣ ሰው እዚህ ላይ ከተማ የሚሠራው ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም.፣ ሰፈራቸውን እዚህ ላይ አደረጉ። ተራራ ላይ የሰፈረ ንጉሥ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ከሩቅ ያያል። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ቤተ መንግሥታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዛሬም አለ። ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድና ወርቅ የሚጠብቅ ሰው ሲያየው ይገረማል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ በኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል። ክዳኑ ሣር ነው። አጎቴ ግድግዳውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና፣ «ይኼማ የኛው ቤት ነው፤ ሰፋ አለ እንጂ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የዚያን ጊዜው ቤት ሠሪ የሚያውቀውን ጥበብ አሰፋው፣ ከፍ አደረገው እንጂ ከውጭ የተለየ ነገር አላመጣም።

ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ስምንት ማዕዘን ናት። ስምንት ማዕዘን ማለት እንደ ክብ ቤት ዙሪያዋን የምትኬድ፣ ነገር ግን ግድግዳዋ ስምንት ቦታ ላይ የሚታጠፍ ማለት ነው። ውስጧ እንደ ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያኖቻችን በሦስት ይከፈላል፤ በውጭ በኩል ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐል ላይ መቅደስ። በሥዕል ያጌጠች ናት። ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ሰው ታሪኩን የሚያነበው ከሥዕል ነበር። ስለዚህ ስትገቡ ቶሎ ብላችሁ አትውጡ፤ ጫማችሁን አውልቁና በዝግታ እየዞራችሁ ተመልከቱ።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉት በዚችው በእንጦጦ ማርያም ነው። የቀቧቸው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። አጠገቡ ባለው ሙዚየም የምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ልብስና ሌላም ዕቃ ይታያል።

ታዲያ ንጉሥ የነገሠበት ተራራ ለምን ተለቀቀ?

አጎቴ መልሱን በብርዱ አውቀውታል። እንጦጦ ነፋስ አለው፤ ክረምት ሲሆን በረዶውና መብረቁ አይጣል ነው። እህሉም ሌላውም ስንቅ ዳገቱን የሚወጣው በአጋሰስና በሰው ጀርባ ነበር። ከተራራው በታች ግን ፍል ውሃ አለ። ቦታው 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል። የአካባቢው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉታል። የጉለሌም ስም የመጣው እዚህ ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ እየተከተሉ ወረዱ። ስለዚህ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲቀቡ የታችኛው ከተማ ሦስት ዓመቱ ነበር ማለት ነው።

ከተማው ወረደ እንጂ ችግሩ አላለቀም። ትልቁ ችግር እንጨት ነበር። ለቤትም፣ ለአጥርም፣ ለምድጃም ሲባል በዙሪያው የነበረው የአገር ዛፍ፣ ጥዱም ወይራውም እየተቆረጠ አለቀ። በዚያ ዘመን ደግሞ እንጨት ያለቀበት ከተማ ይነቀላል። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም የሚባል ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባ እንደ እንጦጦ ልትለቀቅ ጥቂት ነው የቀራት። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በጥቂት ዓመት ለማገር ይደርሳል። ሲቆርጡት ደግሞ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲስ ዓለም ዋና ከተማ መሆኗ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ ዕዳም አለበት። ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አያበቅልም፤ በተራቆተው ዳገት ላይ ዝናብ አፈሩን ያጥበዋል። ስለዚህ አሁን በእንጦጦ በየቦታው ጥድና ሌላ የአገር ዛፍ መልሶ እየተተከለ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ለከተማው ሰው መናፈሻ ሆኗል።

ነገር ግን ስለ እንጨት ከተነሣ ስለ ሴቶቹ ሳይወሩ ማለፍ ነውር ነው። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን ማለቴ ነው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ከፊት የሚያያቸው ሰው ጎንበስ ያለ ራስ ብቻ ነው የሚያየው። በየቤቱ ምጣድ የተሰማው፣ ስንት ዘመን እንጀራ የተጋገረው በነሱ ቅጠል ነው። ስለ ከተማ ውበት የሚጽፍ ሰው ሕንፃና ሐውልት ይቆጥራል፤ እኔም ልቆጥር ነው። ሆኖም ከተማው የቆመው በነማን ወገብ እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ይገባል።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሽሮ ሜዳ ነን። ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ገበያ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች በሽመና ስማቸው የታወቀ ነው። አጎቴ ጥለቱን እያገላበጡ ዋጋ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ሳቁና መንገዳችንን ቀጠልን።

ስድስት ኪሎ ላይ መቆም ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል የሚባል የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡትና በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ። በውስጡ ሙዚየም አለ። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ደግሞ የትም የማያደርስ ደረጃ ታያላችሁ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ያልቃል። ይህን ያሠራው ፋሽስት ጣሊያን ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ተሠራለት፤ እኛ እዚህ ለዘለዓለም ነን ለማለት ነው። ጣሊያን ሲባረር ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት! አጎቴ ነገሩ ሲገባቸው ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ «ይኼንን ያሰበ ሰው ጎበዝ ነው» አሉ። እኔም በአዲስ አበባ ካሉት የድንጋይ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ቢያፈርሱት ኖሮ ይረሳ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር የከተማ ሰው ተጨፈጨፈ። ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ረጅም ሐውልት የዚህ መታሰቢያ ነው። ቅርጹን የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ከመኪና ሆኖ የሚያልፍ ሰው ዘንጉን ብቻ ነው የሚያየው። ወርዳችሁ በእግር ቅረቡት። ከታች ባለው የነሐስ ቅርጽ ላይ ሲገደሉና ሲለቀስላቸው ይታያል።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ወረድን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ተለውጧል። የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት ተከፍቷል። ከፈረሱት ቤቶች ጥቂቶቹ ቢቀሩ እወድ ነበር፤ ይህ የኔ ሐሳብ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ግን ቦታው ላይ አለ። ጳጳሱን ጣሊያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ደብድቦ ገደላቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ሲባል ሲነሣ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ተመልሶ ቆሟል።

ምኒልክ ደግሞ በፈረስ ሆነው ከጊዮርጊስ ፊት ናቸው። ፈረሱ ፊት እግሮቹን አንሥቷል። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን እንደያዘ ከቦታው አነሣው፤ የዓድዋን ድል የሚያስታውስ ነገር ፊቱ እንዲቆም አልፈለገም። ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጊዮርጊስም ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. አቃጥሎት ነበርና እንደገና ታድሷል። የመስተዋቱንና የግድግዳውን ሥራ አፈወርቅ ተክሌ ሠርተውበታል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ታላቁን ባለ ቀለም መስተዋት የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ጊዮርጊስ ነው። ንግሡም ከተማውን ተከትሎ ከተራራው ወርዷል።

እቴጌ ጣይቱ ግን ተመልሰው ወጥተዋል። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ኑሯቸው እንጦጦ ሆነ። በ1910 ዓ.ም. እዚያው ዐርፈው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። አጽማቸው በኋላ ወርዶ በበዓታ ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፏል።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የጊዮርጊስን ዙሪያ ብቻቸውን መዞር ጀመሩ። ምን ነካቸው ብዬ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲመለሱ በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር።

«ስምንት ነው» አሉኝ፤ «እንደ ላይኛዋ።»